የአያ ደምሌ ስድስት የእንጀራ ልጆች

አንዳንዱ ሰው ወገኑን በነገር ያሳስራል፣ አንዳንዱ በጠመንጃ። እኔ ሰው ያሳሰርኩት በስታቲስቲክስ ነው። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ፣ ግዴለም፤ እኔም ጨዋታውን የምጀምረው እንዲሳቅልኝ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ የሚስቅ ሰው ግን እስከዛሬ አልገጠመኝም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ወረታ ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ጤፍ ወፍጮ ቤት ከመድረሱ በፊት የት እንደሚኖር የማላውቅ ሰው ነበርኩ። መሥሪያ ቤቴ ግን የጥቂት ወር የስታቲስቲክስ ኮርስ መውሰዴን አየና የጤፍ ሙከራ ኃላፊ አድርጎ ፎገራ ሜዳ ላይ ጣለኝ። የደረስኩት በሐምሌ፣ በከተማ ጫማ ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ውሃ ለብሷል፤ ውሃ ያልለበሰው ደግሞ መረሬ ሆኗል። መረሬ እግር ሲገባበት ዝም የሚል፣ ሲወጣ የሚከራከር ጥቁር ጭቃ ነው። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ተከራከረኝና የግራ ጫማዬን ረታኝ። በአንድ እግሬ ቆሜ ጭቃውን በእጄ ስቆፍር አንድ ረዘም ያሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ምን ጠፍቶህ ነው የኔ ልጅ?»

«ጫማዬ።»

«አልጠፋችም» አሉኝ ረጋ ብለው። «አልታየችም በል። ፎገራ የወሰደውን በኅዳር ይመልሳል።»

ከአያ ደምሌ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ገበሬ ማኅበሩ ለሙከራው የመረጠልኝም የእሳቸውን ማሳ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ከረምን።

የመጣሁበትን ጉዳይ ላስረዳችሁ፤ ከባድ አይደለም፣ ከባድ ያደረግነው እኛ ነን። አዲስ ማዳበሪያ መጥቷል። የፎገራን ጤፍ ምርት ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? በኮርሱ ላይ ሁለት መላምት አስተምረውናል። አንዱ የጥናቱ መላምት ነው፤ ማዳበሪያው ምርት ይጨምራል የሚለው፣ ሁሉም ሰው የሚመኘው። ሌላው ባዶ መላምት ይባላል። ማዳበሪያው ምንም አይጨምርም፣ ትንሽ ልዩነት ቢታይም የአጋጣሚ ነው ይላል። ጥበቡ ከባዶው መነሳት ነው። ምንም የለም ትልና ማስረጃ ትሰበስባለህ። ማስረጃው በርትቶ ባዶውን መላምት ማመን ካስቸገረህ ትጥለዋለህ። ካልበረታ፣ «አልጣልኩትም» ብለህ ትጽፋለህ። አልጣልኩትም ማለት ደግሞ እውነት ሆኖ አገኘሁት ማለት አይደለም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አስተማሪያችን ሦስት ጊዜ ደግሞልናል፤ እኔም ሦስት ጊዜ ጽፌያታለሁ።

አያ ደምሌ ማሳቸው ዳር ቆመው ይህንን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ማዳበሪያው አይጨምርም ብለህ ትነሳለህ?»

«አዎ።»

«አይጨምርም ካልህማ ለምን ተሸክመኸው መጣህ?»

«ልጥለው ነዋ።»

«ማዳበሪያውን?»

«አይደለም አያ ደምሌ፣ ሐሳቡን።»

«የምትጥለውን ሐሳብ ምን ብለህ አቆምኸው?» አሉ። «ቆይ፣ ገባኝ። እገሌ በሬ ሰረቀ ተብሎ ሲከሰስ አልሰረቀም ብለን እንነሳለን። በሬው ከበረቱ ሲገኝ ያን ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። እንዲያ ነው?»

እንዲያ ነበር። እኔ ያልገባኝን ያህል ነው የገባቸው።

ማሳውን በካስማ አሥራ ሁለት ቦታ ከፈልነው። ስድስቱ ማዳበሪያ ሊያገኙ፣ ስድስቱ ላያገኙ ነው። ምርጫው በዕጣ መሆን አለበት ስላቸው ደስ አላቸው፤ ዕጣማ የቅርጫ ሥጋ ሁሉ የሚከፋፈልበት ነው። ለየመደቡ አንድ አንድ ምልክት ሰጡ፣ ለአንዱ ጠጠር፣ ለአንዱ ጭራሮ፣ ለአንዱ የባቄላ ፍሬ። ፊታቸውን አዙረው አወጡልኝ። ማዳበሪያውን በትንሽ ጣሳ እየሰፈርኩ ስድስቱ ላይ በተንኩ። ሰባተኛው ጋ ስደርስ ጣሳዬን ዘጋሁ።

«እነዚህ በሉ» አሉ አያ ደምሌ። «እነዚያስ?»

«እነዚያ አይበሉም። ለማወዳደሪያ ናቸው።»

«ክረምቱን ሙሉ ጦማቸውን ሊከርሙ?»

«ሙከራ ነው።»

«የእንጀራ ልጆች ናቸዋ!» አሉና ሌላ ነገር ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔም ማስታወሻዬን ይዤ ወደ ወረታ ተመለስኩ። ገበሬ ዝም ሲል ተስማማ ብሎ የሚያምን ሰው ገና ከተማውን አልለቀቀም።

ቀጥሎ የሙከራውን ዕቅድ በጽሑፍ አቀረብኩ። ያን ጊዜ ያለ ካድሬ ፈቃድ ጤፍ እንኳ አይበቅልም ነበር። የእኛን ካድሬ ስሙን ልተወውና ጓድ እንበለው። ጓድ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ፤ እንደገና አነበበ። ከዚያ ጣቱን አንድ መስመር ላይ ተከለ።

«‹አዲሱ ማዳበሪያ በጤፍ ምርት ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም።› ይህን ያለው ማነው?»

«ማንም አላለውም ጓድ። መላምት ነው።»

«ማንም ያላለውን በመንግሥት ወረቀት ላይ የጻፈው ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው አንተ ነህ ያልከው።»

«ልጥለው ነው የጻፍኩት!»

«ጠላትን ለመጣል መጀመሪያ ወንበር ይሰጠዋል? ያውም የፊተኛውን ወንበር?»

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባላል። እኔ አያያዙንም አነጋገሩንም አላወቅሁበትም። ግማሽ ቀን ተከራክረን በመጨረሻ ተስማማን፤ ማለት እኔ ተስማምቼ ፈረምኩ። ማዳበሪያው ምርትን በከፍተኛ ደረጃ ያሳድጋል የሚለው አንደኛ ሆነ። ያ ምስኪን ባዶ መላምት ወደ ገጹ ግርጌ ወረደና «አድኃሪው መላምት» ተብሎ ታተመ። መነሻችንም ተገለበጠ። ማዳበሪያው ሠርቷል ብለን እንነሳለን፣ አልሠራም የሚል ማስረጃ ያምጣ። በስታቲስቲክስ ታሪክ መላምት በፖለቲካ አቋሙ ከደረጃው ዝቅ ሲል የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እኔ በዚያን ዕለት ሳቄን ይዤ ቤቴ ገባሁና ለብቻዬ ሳቅሁ። ወረቀት ላይ ያለ ነገር ወረቀት ላይ የሚቀር መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ ወጣ። በየሳምንቱ ማሳውን አያለሁ፤ ጤፉ አማረ። ችግሩ አሥራ ሁለቱም መደብ ማማሩ ነው። ያልበሉት ከበሉት እኩል ወፈሩ። መጽሐፌን አገላበጥኩ። አፈሩ ለም ስለሆነ ይሆናል አልኩ። ዓይኔን ጠረጠርኩ፣ ካስማዎቹን ጠረጠርኩ፣ አንድ ቀን እንዲያውም ኮርሱን ራሱን ጠረጠርኩ። አያ ደምሌን ግን መጠየቅ የሚባል ነገር አልታየኝም፤ ባለሙያ ነኛ!

ታጨደ፣ ተወቃ፣ እያንዳንዱ መደብ ለየብቻው ተመዘነ። ጓድ ያን ሰሞን ወገቡን አሞት ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዶ ነበር። ውጤቱን ግን ከአጨዳው በፊት ለበላይ አካል ልኮታል፤ ማዳበሪያው ምርትን በከፍተኛ ደረጃ አሳድጓል ብሎ። እኔ ሦስት ቀን ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ አካፈልኩ። በስድስቱና በስድስቱ መካከል የነበረው ልዩነት ዶሮ ጭራ የምታመጣው ያህል ነው። ባዶው መላምት ከነወንበሩ አለ።

ያን ጊዜ ነው ወደ አያ ደምሌ የሄድኩት። በረታቸው ደጃፍ አገኘኋቸው።

«አያ ደምሌ፣ እነዚያ ያልበሉት መደቦች ምን ሆነው ነው እኩል ያፈሩት?»

«ማን አልበሉም አለህ?» አሉኝ ተገርመው። «በየሳምንቱ አዛባ ከነአመዱ ስጭንላቸው አይደል የከረምሁ! ማዳበሪያህ ስላልበቃህ አፍረህ ነው ብዬ ዝም አልሁ። በእኔ ማሳ አንዱ ጎርሶ አንዱ አያድርም፣ የኔ ልጅ።»

አዛባ የሚሉት የበረት ፍግ ነው። የፎገራ ላም ደግሞ ለወተቷም ለፍጓም አትሰስትም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። አልተናደድኩም፤ ደስ አለኝ። ሙከራው ተበላሽቷል፣ ግን አንድ ነገር አግኝቻለሁ። የአያ ደምሌ አዛባ ከውጭ ከመጣው ማዳበሪያ ጋር እኩል ሠርቶ ሊሆን ይችላል! በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ እንፈትናለን፣ ሽልማት እንኳ ባይገኝ ምስጋና አይጠፋም አልኩ። ከወንዛዬ የተመለሰው ጓድ ቢሮ ስገባ እየሮጥኩ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ጓድ ቁጥሮቹን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«አድኃሪው መላምት አሸነፈ ማለት ነው?»

«አላሸነፈም ጓድ፣ አልተጣለም ነው። አልተጣለም ማለት ደግሞ…»

«አልተጣለም!» ተነሣ። «እኔ ሪፖርት ልኬያለሁ። ተጠያቂ ሰው ያስፈልጋል። የሙከራው ኃላፊ ማነው?»

 ያን ጊዜ «አሻጥር» የሚባል ቃል ነበር፤ የተለጠፈበት ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ለአንዲት ደቂቃ ዝም ብል ምን ነበረበት?

«ጥፋቱ የእኔ አይደለም» አልኩ። «አያ ደምሌ ናቸው በማወዳደሪያዎቹ ላይ ፍግ የጨመሩት።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ብዙ ዓመት ለራሴ ሳይንስ ነበር ያብራራሁት እለው ነበር። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። ጓድ ብዕሩን አንሥቶ ሲጽፍ፣ የአያ ደምሌ ስም ከእኔ ስም በላይ ሲቀመጥ እያየሁ ትንፋሼ ተመለሰልኝ፤ ይህን እግዜርም ያውቃል።

ቀለሙ ሳይደርቅ በሩ ተንኳኳ። አያ ደምሌ ናቸው። ገበያ ወርደው፣ እግረ መንገዳቸውን እኔን ፈልገው ነው። በእጃቸው የግራ ጫማዬን ይዘዋል። አጥበውታል፣ ቅቤ ቢጤም ቀብተውታል።

«ይኸውልህ» አሉኝ በፈገግታ። «አልጠፋችም፣ አልታየችም አላልሁህም?»

ጓድ ስማቸውን ጠየቃቸው። ነገሩት። እዚያው ወንበር ላይ እንዲቀመጡ አዘዘ። እኔ ጫማዬን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ።

አያ ደምሌ ታስረው ሰነበቱ፤ በሳምንቱ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ተሰበሰበ። ሦስት ገበሬዎች ለዳኝነት ተቀምጠዋል፤ ጓድ ከጎናቸው ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስዘጋጅ አድሬ መከላከያ ይዤ ቀርቤያለሁ፤ መከላከያዬም ባዶ መላምት ነው። ተነሥቼ ተናገርኩ። ሰው ሲከሰስ ጥፋት የለበትም ከሚለው እንነሳ፣ ያንን የሚያፈርስ ማስረጃ ይቅረብ፣ ፍግ መጨመር ብቻውን ክፋትን አያሳይም አልኩ። ዳኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረም።

ጓድ ኪሱን ዳበሰና ያችን የፈረምኩባትን ወረቀት አወጣ።

«እኛ ከዚያ አንነሳም» አለ። «ይህን ያረምነው ከራሱ ከባለሙያው ጋር ሆነን ነው፣ ፊርማው ይኸው። መላምት አንድ፣ ተከሳሹ አሻጥረኛ ነው። አይደለም የሚል ማስረጃ ያምጣ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እዚያ ቦታ ላይ ሞኙም ወረቀቱም የእኔ ነበሩ። አሻጥር አለመሥራትን በምን ታስረዳለህ? ዳኞቹ መሬት መሬት አዩ። ከመካከላቸው አንዱ በለሆሳስ፣ «ደምሌ፣ አዛባ አልጨመርህም አይደል?» ብሎ መውጫ ሊከፍትላቸው ሞከረ።

«ጨምሬያለሁ እንጂ» አሉ አያ ደምሌ። «በመሬቴ ላይ አልዋሽም። እድሜ ቢሰጠኝ ለከርሞም እጨምራለሁ።»

ያ ዓመት የሰፈራ ዓመት ነበር። ማኅበሩ ወደ ቆላ የሚሄዱ አባወራዎችን እንዲያቀርብ ታዝዞ፣ ማንም በፈቃዱ አልመዘገብ ብሎ ተቸግሯል። ዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው ስም የአያ ደምሌ ሆነ። አባወራዎቹ ቀድመው ቤት ይሠራሉ፣ ቤተሰብ በኋላ ይከተላል ተባለ። የጭነት መኪናው ወረታ መገንጠያው ላይ ቆሞ ሰው ሲጭን ሄጄ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የሄድኩት፤ ደርሼ ግን «እንደምን አደሩ» ከማለት በቀር ምንም አልወጣኝ አለ።

ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ስንቅ ያቀብሏቸዋል። አያ ደምሌ ከላይ ሆነው አዩኝ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«እነዚያን ስድስቱን አደራ» አሉኝ። «ጦማቸውን እንዳይከርሙ።»

መኪናው ሄደ። ቤተሰብ የሚከተልበት መኪና ግን አልመጣም። ደብዳቤም አልመጣም።

ሁለት ክረምት አለፈ። ጓድ አድጎ ሌላ አውራጃ ሄደ። እኔ እዚያው ወረታ ቀረሁ፤ አንዳንድ ቀን ከሥራ በኋላ አዛባ እሸከም ነበር። አንድ የገበያ ቀን እትዬ ሙሉ ቢሮዬ መጡ። ተቀመጡ ብላቸውም ቆመው ነው የተናገሩት።

«የንስሐ አባቴ ለሞተ ፍትሐት፣ በሕይወት ላለ ጸሎት፣ የቱ እንደሆነ አጣርተሽ ነይ አሉኝ። አንተ የተማርህ ነህ። ተዝካሩን ላውጣ ወይስ ልጠብቅ?»

ላጣራ ብዬ ተነሣሁ። ከሰፈራው አምልጦ የመጣ አንድ ሰው ወንዛዬ እግሩን ሊታጠብ ወርዷል ሲሉኝ ሄድኩ። ሰውየው ፍል ውሃው ዳር ተቀምጦ፣ «ደምሌን በወባ ከወደቁት መካከል አይቸዋለሁ፤ ሲነሳ ግን አላየሁም» አለኝ። ሌላው ያመለጠ ሰው ጣራ ገዳም ተጠግቷል። እሱ ደግሞ «ወደ ሌላ መንደር ሲዛወር በዓይኔ አይቸዋለሁ፣ ዱላ ይዞ ይራመዳል» ብሎ ማለልኝ። ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቃል።

ተመልሼ እትዬ ሙሉን አስቀመጥኳቸውና እንደ ኮርሱ አስረዳኋቸው። ከሁለት አንዱን ስሕተት ልንሠራ እንችላለን አልኳቸው። በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት አለ፤ ለሞተ ሰው ደግሞ ተዝካር መንፈግ አለ።

«የትኛው ይከፋል?»

«እሱን… እሱን አስቀድሞ ሰው ራሱ ነው የሚወስነው።»

«አንተስ የትኛውን ትፈራለህ?»

መልሱስ አልጠፋኝም። አያ ደምሌ ሞተዋል ከተባለ ገዳያቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሊቅ መስዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ «ማስረጃ የለም፤ አሉ ከሚለው እንነሳ፤ ይጠብቁ» አልኳቸው። ለእሳቸው አስቤ አይደለም። ለራሴ ነው።

እሳቸውም ጠበቁ። በየዓመቱ በኅዳር፣ ሜዳው ሲደርቅ፣ ከቢሮዬ በር ቆመው «ምን ተገኘ?» ይሉኛል። «ምንም» እላቸዋለሁ። «እንጠብቅ?» ይላሉ። «እንጠብቅ» እላለሁ። ስንት ዓመት ዝምታ ሲጠራቀም ነው መላምት የሚጣለው? በኮርሱ ላይ ለጤፍ ነግረውናል፤ ለሰው አልነገሩንም።

የደርግ ነገር ሊያበቃ ሲል ሰፈራው ፈረሰና የተረፈው ሰው በእግሩ እየተጎተተ ይመለስ ጀመር። ከአያ ደምሌ ጋር ከተጫኑት አንዳንዱ መጣ፤ እሳቸው አልመጡም። በዚያ ዓመት እትዬ ሙሉ ቢሮዬ የመጡት ሊጠይቁኝ አልነበረም።

«የመጪው ቅዳሜ ተዝካር አወጣለሁ» አሉኝ። «እንዳትቀር።»

«ሞተዋል ብለው ወሰኑ?»

«እኔ ምኑን ወስኜ! ሞቶም እንደሆን ነፍሱ ይማርበታል። አለም እንደሆን መጥቶ ይበላል። ሁለቱንም ማብላት ነው እንጂ አንዱን አጉርሶ አንዱን ማስራብ እሱስ መች ይወድ ነበር።»

ቅዳሜ ሄድኩ። ያችን የግራ ጫማዬን አደረግኋት፤ ቀኟ ካለቀች ቆይታለች፣ ቀኙን ከሌላ ጫማ ነው ያጣመርኩት። ዳሱ ሞልቷል፣ ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ተቀምጠዋል፣ ድሃው ይበላል። እትዬ ሙሉ ከመሶቡ ጥግ አንድ ድርሻ ከድነው አስቀምጠዋል፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም። እኔም ከበሩ ትይዩ ተቀመጥኩ። ውጭ ውሻ በጮኸ ቁጥር ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወደ በሩ የምንዞረው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እትዬ ሙሉ ይመጣሉ ብለው ነው። እኔ ደግሞ፣ ቢመጡ ምን እላቸዋለሁ ብዬ።